ቫይረሱ በር አይሰብርም፤ የሚያስገባው ራሱ ሴሉ ነው

ኅዳር 2018 ላይ ከጂንካ የመጣውን ዜና ሁላችንም እናስታውሳለን። ማርበርግ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ወረርሽኝ። ያን ሰሞን ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር። በምን ይተላለፋል? በእጅ ሰላምታ? በትንፋሽ? ከሌሊት ወፍ ነው የሚባለው እውነት ነው? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። እሺ፣ ቫይረሱ የሰው ገላ ውስጥ ገባ እንበል። ከዚያስ? ሴል ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ግን ቫይረስ ሴል ውስጥ ካልገባ ምንም ማድረግ አይችልም። ራሱን ማባዛት አይችልም፣ ሰው ማሳመም አይችልም። እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣ የሚበላው ነገር የለው። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከመግባቱ ነው። ማርበርግ ደግሞ እስካሁን ፈቃድ ያገኘ መድኃኒትም ክትባትም የለውም። ስለዚህ መግቢያውን ማወቅ የቅንጦት ነገር አይደለም።

ይህን ጥያቄ ይዞ ዕድሜውን የፈጀ አንድ ሰው አለ። አሪ ሄሌኒየስ ይባላሉ፣ የፊንላንድ ተወላጅ የሴል ባዮሎጂ ተመራማሪ ናቸው። ዛሬ ስለ እሳቸው ሥራ ላወራችሁ ነው፤ ምክንያቱም የሳቸውን መንገድ ተከትላችሁ ስትሄዱ ድሬዳዋን ታገኛላችሁ፣ ሞያሌን ታገኛላችሁ፣ ጂንካን ታገኛላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ያለውን የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተምን፣ ታገኛላችሁ። (ስለ ውጭዎቹ ሳወራ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ግን ሴል እንዴት እንደሚበላ እንነጋገር።

ትምህርት ቤት ሴል ሰሌዳ ላይ ሲሳልልን እንደ እንቁላል ጥብስ ነበር። መሃሉ ላይ አስኳል፣ ዙሪያውን አንድ መስመር። ያ መስመር የሴሉ ሽፋን ነው ተባልን፣ እኛም እንደ አጥር አሰብነው። ዝም ብሎ የቆመ አጥር። እውነተኛው ሽፋን ግን አንድ ደቂቃ እንኳን አርፎ አይቀመጥም። እንደ ዘይት ይፈሳል፣ ይጎደጉዳል፣ ይጠቀለላል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል። በ1976 ኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ራልፍ ስታይንማንና ባልደረቦቹ ማክሮፋጅ የሚባለውን የነጭ ደም ሴል ዘመድ ወስደው ምን ያህል ሽፋን እንደሚውጥ ለኩ። ውጤቱን ሳነብ ደግሜ ነው ያየሁት። ሴሉ በየ33 ደቂቃው የራሱን ሙሉ ገጽ ያህል ሽፋን ወደ ውስጥ ያስገባል። አስቡት፤ ቆዳችሁ በሙሉ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ወደ ሆዳችሁ ገብቶ ተመልሶ ቢወጣ ማለት ነው።

አገባቡን ለመረዳት ጉርሻን አስቡ። እንጀራ ቆርሰን ወጡን ጠቅለል ስናደርግ፣ እንጀራው ወጡን ይዞ አብሮ ነው አፍ የሚገባው። ሴልም እንደዚያ ነው። ሽፋኑ ይጎደጉድና የሚፈልገውን ነገር ይጠቀልላል። ከዚያ አፉ ይገጥማል፣ ተቆርጦ ትንሽ ከረጢት ይሆናል፣ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ኢንዶሳይቶሲስ የሚባለው ይህ ነው። ቃሉን በ1963 ያወጣው ክርስቲያን ደ ዱቭ የተባለ የቤልጂግ ሳይንቲስት ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። ሜችኒኮፍ የተባለው ሩሲያዊ በ1882 ሜሲና ባሕር ዳር ላይ የባሕር ኮከብ ጫጩት ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰክቶ፣ ሴሎች ተሰብስበው እሾሁን ሲከቡት አይቷል።

ያንን ጉድጓድ በቅርብ ያየችው ደግሞ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ትንኝ ናት። ማለቴ የትንኝ እንቁላል ነው የተጠናው። በ1964 ሃርቫርድ ውስጥ ሮት እና ፖርተር የተባሉ ሁለት ሰዎች ኤደስ ኤጂፕታይ የምትባለውን ትንኝ ደም አጠጥተው እንቁላሏን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። እንቁላሉ አስኳል የሚሆነውን ፕሮቲን ከትንኟ ደም ይውጣል። ትንኟ ደም ከጠጣች ከ7 ሰዓት በኋላ አንድ እንቁላል ላይ ብቻ 300,000 ትናንሽ ጉድጓዶች ነበሩ። ጉድጓዶቹ ደግሞ በውስጥ በኩል ጸጉራም ነገር ለብሰዋል። ያ ልብስ ምን እንደሆነ እስከ 1975 ድረስ አልታወቀም። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ባርባራ ፒርስ ከአሳማ ጭንቅላት አጥርታ አወጣችውና ክላትሪን ብላ ሰየመችው። ክላትሪን እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ኳስ ስፌት ባለ ስድስት ጎንና ባለ አምስት ጎን ሆኖ ይገጣጠማል፣ ሽፋኑንም አጉብጦ ክብ ያደርገዋል።

እነዚህ ሰዎች መድኃኒት ፍለጋ አልነበሩም። የትንኝ እንቁላል፣ የአሳማ ጭንቅላት። ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ «ይሄ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቃቸው የሚያጠግብ መልስ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ወደ ሄሌኒየስ እንመለስ። በ1944 ፊንላንድ ኦውሉ ከተማ ተወለዱ። የተማሩት ሄልሲንኪ ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ ካይ ሲሞንስ ከተባለው ባልደረባቸው ጋር የሚሠሩት የሴል ሽፋን ላይ ነበር እንጂ ቫይረስ ላይ አልነበረም። ሽፋንን በሳሙና መሰል ኬሚካል እየፈቱ ከምን እንደተሠራ ማየት ነበር ሥራቸው። ችግሩ የሰው ሴል ሽፋን በጣም የተወሳሰበ ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ዓይነት ፕሮቲን አለበት። ቀለል ያለ ሽፋን ያስፈልግ ነበር። ያንን የሰጣቸው አንድ የአፍሪካ ቫይረስ ነው።

ሴምሊኪ ፎረስት ቫይረስ ይባላል። ምዕራብ ኡጋንዳ ውስጥ ካለው ሴምሊኪ ጫካ በ1942 ከተያዙ ትንኞች የተገኘ ነው። ከሴል ሲወጣ የሴሉን ሽፋን ለብሶ ነው የሚወጣው፣ ልብሱ ላይ ያሉት የፕሮቲን ዓይነቶች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለሽፋን ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም። ሄሌኒየስ ቫይረሱን የያዙት እንግዲህ እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ንጹሕ የሽፋን ቁራጭ ነው። ግን አንድን ነገር ዓመታት ሙሉ እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ስትኖሩ ጥያቄ ይመጣል። ይህ ነገር ሴል ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

በ1970ዎቹ አጋማሽ ሄሌኒየስና ሲሞንስ ጀርመን ሃይድልበርግ፣ አዲስ ወደተከፈተው የአውሮፓ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ሄዱ። ያን ጊዜ የቫይረስ አገባብ ላይ ስምምነት አልነበረም። አንዳንዱ ቫይረሱ ላይ ላዩን ከሴሉ ሽፋን ጋር ተዋህዶ ይገባል ይላል። ሌላው ሴሉ ይውጠዋል ይላል። ፎቶ አለ፣ ግን ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ሴል አንድ ሺህ ቫይረስ ሊውጥ ይችላል፣ ከነዚያ ውስጥ በሽታውን ያመጣው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ያደረጉት ሙከራ በጣም ደስ ስለሚለኝ ቀረብ ብለን እንየው። ከሃምስተር ኩላሊት የተወሰዱ ሴሎች ሳህን ላይ አሉ። ሳህኑን በረዶ ላይ ታስቀምጣላችሁ። በብርድ ሴል አይውጥም። ቫይረሱን ትጨምራላችሁ፣ ይለጠፋል፣ ግን አይገባም። ሁሉም በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከዚያ ሳህኑን 37 ዲግሪ ላይ ታደርጉታላችሁ። በአንድ ጊዜ ሩጫው ተጀመረ። በየደቂቃው ሴሎቹን በኬሚካል ባሉበት እያስቆማችሁ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታዩ፣ ቫይረሶቹ ክላትሪን የለበሱት ጉድጓዶች ውስጥ ይገኛሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ከረጢት ውስጥ፣ ቀጥሎ ጠለቅ ያለ ቦታ።

እሺ፣ ተውጧል። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተዋጠ ቫይረስ ገና ሴሉ ውስጥ አልገባም። ከረጢት ውስጥ ነው ያለው። ከረጢቱ ደግሞ ወደ ላይሶሶም ነው የሚጓዘው፣ ወደ ሴሉ ጨጓራ ማለት ነው። እዚያ ከደረሰ ይፈጫል። ስለዚህ ቫይረሱ ሳይፈጭ በፊት ከረጢቱን ቀዶ መውጣት አለበት። መቼ እንደሚወጣ የሚነግረው ምንድን ነው?

አሲድ ነው። ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲቀንስ አሲዱ ይበረታል። ደማችን ፒኤች 7.4 አካባቢ ነው። ከረጢቱ ወደ ውስጥ በተጓዘ ቁጥር ሴሉ አሲድ ይጨምርበታል፤ 6፣ ከዚያ 5። ሴሉ ይህን የሚያደርገው ምግቡን ሊፈጭ ነው። ቫይረሱ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ግን 6 አካባቢ ሲደርስ ቅርጻቸው ይቀየራል፣ ተወንጭፈው ከረጢቱ ላይ ይሰካሉ፣ የቫይረሱ ልብስና የከረጢቱ ሽፋን ይዋሃዳሉ፣ ቫይረሱ ውስጡን ወደ ሴሉ ይለቃል። ሊገድለው የተዘጋጀው አሲድ የመውጫ ምልክት ሆነለት።

ይህን በሁለት አቅጣጫ አረጋገጡት። አንደኛ፣ ከረጢቱ አሲድ እንዳይሆን የሚያደርግ ነገር ጨመሩ። ቫይረሱ ተዋጠ፣ ግን እዚያው ቀረ። የጨመሩት ሞቅ ካደረጉት ጥቂት ደቂቃ ዘግይተው ከሆነ ግን ምንም አልጠቀመም፣ ቫይረሱ አምልጧል። ሁለተኛው የበለጠ ያስደንቃል። ቫይረሱ ገና ላይ ላይ እንደተለጠፈ ሳህኑ ላይ አሲድ ያለበት ፈሳሽ አፈሰሱ። ቫይረሱ ተታለለ፤ ከረጢት ውስጥ ያለ መስሎት እዚያው በር ላይ ተዋሃደና ገባ። መዋጥ ራሱ አላስፈለገውም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ውጤቱ በ1980 ታተመ። በዚያው ዓመት ከጁዲት ዋይት ጋር ሆነው ሴል የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ከስብ በተሠሩ ባዶ ኳሶች ብቻ፣ አሲዱ በቂ እንደሆነ አሳዩ።

የሴምሊኪ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ አለው፣ ቺኩንጉንያ። ድሬዳዋ ያላችሁ ስሙን መቼም አትረሱትም። ከ2011 ክረምት ጀምሮ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የጣለው እሱ ነው። መገጣጠሚያ ይይዛል፣ ጣት አያስጨብጥም፣ ወገብ አያስቀናም። ስሙም ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ሲሆን መጉበጥን ነው የሚናገረው። ያስተላለፈችው ትንኝ ደግሞ ያቺ ሮት እና ፖርተር እንቁላሏን ያዩት ኤደስ ኤጂፕታይ ናት። ሃይድልበርግ ላይ በረዶ ላይ የተቀመጠው ሳህን እና ድሬዳዋ ላይ ከአልጋ መነሳት ያቃታት እናት፣ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ቫይረስ ታሪክ ናቸው።

አሁን ያንን አሲድ የሚከለክል ነገር ላንሳ፤ ከተጠቀሙባቸው ውስጥ አንዱ ክሎሮኪን ነበር። አዎ፣ የወባው ክሎሮኪን። ቆላ የኖረ ሰው ሁሉ መራራነቱን ያውቀዋል። ክሎሮኪን አሲድ ያለበት ቦታ ሲያገኝ እዚያ ይከማቻል፣ አሲዱንም ያበርዳል። ሳህን ላይ ብዙ ቫይረሶችን የሚያስቆመው ለዚህ ነው።

እና 2020 መጣ። ኮቪድ። ክሎሮኪንና እህቱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሳህን ላይ ቫይረሱን አስቆሙ ተባለ፣ ዓለም ተጯጯኸ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን መጋቢት መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰጠ፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ መልሶ ነጠቀ። በዚህ መሃል ምን ሆነ? ሳህኑ ላይ የነበረው የዝንጀሮ ኩላሊት ሴል ነበር። በዚያ ሴል ኮቪድ በከረጢቱ በኩል ነው የሚገባው፣ አሲድ ይፈልጋል፣ ክሎሮኪን ያቆመዋል። የሰው ሳንባ ሴል ግን ላዩ ላይ አንድ መቁረጫ ኢንዛይም አለው። የቫይረሱን ፕሮቲን እዚያው በር ላይ ይቆርጥለታል፣ ቫይረሱም አሲድ ሳይጠብቅ እዚያው ተዋህዶ ይገባል። ጀርመን ጎቲንገን ያሉ ተመራማሪዎች ይህን በዚያው ዓመት አሳዩ፤ የሳንባ ሴል ላይ ክሎሮኪን ምንም አልሠራም። እንግሊዝ ውስጥ የተደረገው ትልቁ ሙከራም ያንኑ ተናገረ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከተሰጣቸው 1,561 ሕሙማን በ28 ቀን ውስጥ 27 በመቶው ሞቱ። ካልተሰጣቸው 3,155 ደግሞ 25 በመቶው። ምንም አልጠቀመም።

እኔ ይህን ሳስብ አሁንም ያናድደኛል። «በየትኛው በር ነው የሚገባው?» የሚለው ጥያቄ እኮ የ40 ዓመት ጥያቄ ነበር። ሰዎቹ ነበሩ፣ ዘዴው ነበር። ጥያቄው ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ስንት ወር፣ ስንት ገንዘብ፣ ስንት ተስፋ ይተርፍ ነበር። ሉፐስ ያለባቸው፣ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚፈልጉት ሰዎችም ያን ሰሞን ፋርማሲ ለፋርማሲ ባልዞሩ ነበር።

ሄሌኒየስ ከሃይድልበርግ በኋላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ በ1997 ደግሞ ዙሪክ ሄዱ። የል እያሉ ፕሮቲን ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ሠርተዋል፣ እሱን እዚህ አልዘረዝርም። ዙሪክ ላይ ግን ወደ መግቢያው ጥያቄ በሰፊው ተመለሱ፤ አንድ ቫይረስ ከጨረሱ ሌላ። እያንዳንዱ በር የራሱ ጠባይ እንዳለው ያወቁት እንደዚያ ነው። በ2008 ከጄሰን መርሰር ጋር ያወጡት ሥራ ለኔ አንደኛ ነው። ቫክሲኒያ የሚባለውን ቫይረስ ወሰዱ፤ የፈንጣጣ ክትባት የነበረው እሱ ነው። ይህ ቫይረስ ትልቅ ነው፣ ክላትሪን በሚሠራው ትንሽ ጉርሻ ውስጥ አይገባም። ምን ያደርጋል? ሴል ሲሞት ውስጡ የነበረ አንድ ዓይነት ስብ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጎረቤት ሴሎችም ያንን አይተው «ይህ ሞቷል» ብለው ይውጡታል። ገላችን በየቀኑ የሞቱ ሴሎቹን የሚያጸዳው እንደዚህ ነው። ቫክሲኒያ ያንን ስብ ለብሶ ይመጣል። ሴሉ ሬሳ የሚያነሳ መስሎት ሰፋ አድርጎ ይውጠዋል።

ግንቦት 2017 ሞያሌ ላይ የተገኘው ኤምፖክስ የቫክሲኒያ የሥጋ ዘመድ ነው።

እና ማርበርግ? እሱም ትልቅ ነው፣ ረጅም ክር ይመስላል፤ እሱም ያንን የሞት ስብ ይጠቀማል፣ እሱም በዚያው ሰፊ ጉርሻ ይዋጣል። ግን ማርበርግና ኢቦላ አሲዱ ብቻ አይበቃቸውም። ከረጢቱ ውስጥ ያሉ የሴሉ የራሱ ኢንዛይሞች የቫይረሱን ፕሮቲን ይላጩታል። ተላጭቶ ሲያልቅ የተደበቀ ጫፍ ይወጣል፣ ያ ጫፍ ደግሞ ከረጢቱ ግድግዳ ላይ ያለ ኤንፒሲ1 የሚባል ፕሮቲን ይይዛል። በሩ ያለው ውጭ አይደለም፣ ጓዳ ውስጥ ነው። ይህ የታወቀው በ2011 ነው፣ በሁለት ቡድኖች ሥራ።

ኤንፒሲ1 መደበኛ ሥራው ኮሌስትሮል ማውጣት ነው። ዳላስ ውስጥ ብራውን እና ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1970ዎቹ ሴል ኮሌስትሮልን ከደም እንዴት እንደሚውጥ አጥንተው በ1985 ኖቤል ተሸልመዋል። የተዋጠው ኮሌስትሮል ላይሶሶም ደርሶ ከዚያ የሚያወጣው ያስፈልገዋል፣ ያ ነው ኤንፒሲ1። ይህ ፕሮቲን የጎደላቸው ልጆች አሉ። ኮሌስትሮሉ ጓዳው ውስጥ እየተጠራቀመ ነርቫቸውን የሚጎዳ፣ ብዙዎቹን በልጅነት የሚቀጥፍ ከባድ በሽታ ነው። ከነዚህ ሕሙማን ቆዳ የተወሰዱ ሴሎች ላይ ኢቦላና ማርበርግ ቢጨመር አይገባም። ተውጦ ጓዳው ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። አንድ ብርቅ የልጆች በሽታና አንድ የሌሊት ወፍ ቫይረስ በአንድ ፕሮቲን ተገናኙ። አሁን ያንን በር የሚዘጋ መድኃኒት የሚፈልጉ ላቦራቶሪዎች ብዙ ናቸው። ያንን ጫፍ ቀድሞ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካልም በ2024 ሩዋንዳ ላይ ለሕሙማን ተሰጥቷል፣ ሬምዴሲቪር ከሚባለው መድኃኒት ጋር። ሩዋንዳ ያን ጊዜ 66 ሰው ታሞባት 15 ነው የሞተባት። ለማርበርግ ይህ ዝቅተኛ ነው። ቶሎ መለየትና ጥሩ ክብካቤ ትልቁን ድርሻ እንደያዙ መርሳት የለብንም፣ መድኃኒቱ ብቻውን ነው ያዳነው ማለት አይቻልም።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። ቫይረስ እንዴት እንደሚገባ ካወቅን፣ መድኃኒትንም እንደዚያው ማስገባት እንችላለን ማለት ነው። የኮቪዱ የኤምአርኤንኤ ክትባት ያደረገው ይህንኑ ነው። ኤምአርኤንኤው፣ ማለትም ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ፣ በስብ ኳስ ተጠቅልሏል። ያ ስብ ደም ውስጥ ሲሆን ጭምት ነው። ከረጢት ውስጥ ገብቶ አሲድ ሲነካው ግን ኤሌክትሪካዊ ሙሌቱ ይቀየራል፣ ከረጢቱን ይቀዳል። በ1980 የታየው የቫይረሱ ዘዴ ነው፣ በሰው እጅ የተሠራ።

ግን እኛ እንደ ቫይረሱ ጎበዝ አልሆንንም። በ2013 ጀርመን ድሬስደን ያለ ቡድን በስብ ኳስ ተጠቅልሎ ከተዋጠው ዘረ መላዊ መድኃኒት ምን ያህሉ ከረጢቱን ቀዶ እንደሚወጣ ቆጠረ። ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ። የቀረው ጓዳ ውስጥ ነው የሚቀረው። መድኃኒት የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ የሚታገሉት ከዚህ ቁጥር ጋር ነው። መድኃኒቱን መንደፍ ቀሎላቸዋል፣ ከጓዳው ማስወጣቱ ነው ያቃታቸው። እንዲህ ባለበት ሰዓት በነሐሴ 2025 የአሜሪካ መንግሥት 22 የኤምአርኤንኤ ፕሮጀክቶችን፣ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሥራ፣ አቋረጠ። በኔ እምነት ትልቅ ስህተት ነው። ሄሌኒየስ እኮ የሽፋን ቁራጭ ፈልገው ቫይረስ ከያዙ ጀምሮ የዚያ ዕውቀት ፍሬ ክንዳችን ላይ እስኪወጋ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ወስዷል። መሃል ላይ ቢቆረጥ ኖሮ ምን ይኖረን ነበር?

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ለኛ በጣም የሚቀርበውን ነው። ወባ።

የወባ ጥገኛ ቀይ የደም ሴላችን ውስጥ ገብቶ የሚበላው ሄሞግሎቢናችንን ነው። እንዴት ይበላል? እሱም ይውጣል። ሽፋኑን አጎድጉዶ፣ ጠቅልሎ፣ አሲድ ወዳለበት ሆዱ ይወስደዋል። ክሎሮኪን ወባን የሚገድለው በዚያ አሲዳም ሆድ ውስጥ ተከማችቶ ነው። ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቲሜተርም የሚነቃው ጥገኛው ሄሞግሎቢን በልቶ ሲፈጭ ነው። ከሄሞግሎቢኑ የሚወጣው ብረት ያለበት ቁራጭ መድኃኒቱን እንደ ክብሪት ይለኩሰዋል፣ ጥገኛው ከውስጥ ይቃጠላል። በራሱ ምግብ ማለት ነው።

በ2020 ሃምቡርግ ያለው የሐሩር በሽታዎች ተቋም አንድ ነገር አሳየ። ኬልች13 የሚባል የጥገኛው ፕሮቲን ያለው ልክ የሚውጥበት ቦታ ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን ሲለወጥ ጥገኛው በልጅነቱ፣ ቀለበት በሚመስልበት ዕድሜው፣ የሚውጠው ይቀንሳል። ካልበላ ብረቱ አይወጣም። ብረቱ ካልወጣ ክብሪቱ አይለኮስም። የአርቲሜተር ዘሮች ደም ውስጥ የሚቆዩት ለሰዓታት ብቻ ነው። ጥገኛው ያንን ሰዓት ጾሞ ያሳልፈዋል፣ መድኃኒቱ ሲያልፍ መብላት ይጀምራል።

ያ ለውጥ ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። 622አይ የሚባለው የኬልች13 ለውጥ ነው። በ2023 በወጣ ጥናት ከአማራ፣ ከጋምቤላና ከትግራይ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ውስጥ 8 በመቶው ይህን ለውጥ ይዞ ነበር። ከነዚህም ጥቂቶቹ በጣት ደም የሚታየው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የጣሉ ነበሩ። አንዱ ጥገኛ መድኃኒቱንም ምርመራውንም ይሸሻል ማለት ነው። ኤርትራም ውስጥ ይኸው ለውጥ ተገኝቷል። ሩዋንዳና ኡጋንዳ ደግሞ የራሳቸው ሌላ ሌላ ለውጥ አላቸው።

እዚህ ላይ ማንም እንዳይደነግጥ። ኮአርተም አሁንም ይሠራል፤ ውስጡ ሁለት መድኃኒት ነው ያለው፣ ሁለተኛው ሉሜፋንትሪን ይባላል፣ ደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል፣ ጾሞ የተረፈውን እሱ ነው የሚለቅመው። ለዚህ ነው ሦስቱንም ቀን መጨረስ ያለባችሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ትኩሳቱ ስለወረደ የተቀመጠች ፍሬ፣ ለጎረቤት ልጅ የተረፈች ፍሬ፣ ጥገኛው ጾሙን ሲፈታ የሚጠብቀውን መድኃኒት ነው የምታሳንሰው። ተመራማሪዎች አሁን ሦስተኛ መድኃኒት መጨመርን፣ ወይም ሦስቱን ቀን አምስት ማድረግን እየሞከሩ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጥገኛው ከሚጾመው ጊዜ በላይ መድኃኒቱን ደም ውስጥ ማቆየት። እስከ መቼ ነው ሳይበላ መቆየት የሚችለው የሚለውን ደግሞ የሚቆጥሩት ሳህን ይዘው፣ ሰዓት ይዘው፣ በየሰዓቱ ጥገኛው ስንት ጉርሻ እንደዋጠ በማይክሮስኮፕ የሚያዩ ሰዎች ናቸው።